የሄደው ተጽፏል፤ የተመለሰውስ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ግን ጸሐፊው ማን እንደ ነበረ፣ ለማንስ ብሎ እንደ ጻፈ ሳይጠይቅ የሚወርስ ሰው የሌላውን ሰው የሒሳብ ደብተር ታሪክ ነው ብሎ ይወርሳል። ዛሬ የማነሣው ክርክር ይህንኑ ይመለከታል። ጉዳዩ የአየርላንድ ስደተኞች የመርከብ መዝገብ ነው።

«ደግሞ የአየርላንድ መዝገብ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥቂት ይታገሠኝ። ስለ ስደቷ እንደ አየርላንድ ብዙ የጻፈች፣ ብዙ ያለቀሰች፣ ብዙም ያንጎራጎረች አገር ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ያለች አገር እንኳ ሄደው የተመለሱ ልጆቿን እንዴት ከታሪኳ እንዳጎደለች ማየት፣ ስደትን ለሚያውቅ ሕዝብ ሁሉ ትምህርት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሣ። በ1841 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአየርላንድ ሕዝብ ሲቆጠር ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበረ። ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ ያስከተለው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ፈጀ፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብም በዚያው ዘመን ባሕር ተሻገረ። ረኃቡ አበቃ፣ ስደቱ ግን አላበቃም። በ1911 የአገሪቱ ሕዝብ 4 ሚሊዮን ከ400 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። የእነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጆች ዛሬ ቦስተንና ኒው ዮርክ፣ ቺካጎና ሌላም ቦታ ተቀምጠው ቅድመ አያቶቻቸውን ይፈልጋሉ። የኤሊስ ደሴት የመንገደኞች መዝገብ በ2001 በኮምፒዩተር አማካይነት ለሁሉም ክፍት ከሆነ ወዲህ ፍለጋው የጥቂት አዋቂዎች ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ልማድ ሆኗል።

ልማዱን አልነቅፍም። አያቱን የሚፈልግ ሰው የሚያስመሰግን ሥራ ይሠራል። እኔን የሚያስቆጣኝ የፍለጋው ማብቂያ ነው። ስሙ ይገኛል፤ የመርከቡ ስም፣ ቀኑና ዕድሜው ይገኛል፤ ወረቀቱ ይታተማል፣ በመስታወት ገብቶ ከሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «ቅድመ አያታችን በዚህ ቀን አሜሪካ ገባ» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ከዚያስ በኋላ? ተመልሶ ሄዶ እንደ ሆነስ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዘር ሐረግ ፍለጋን ንግድ ያደረጉትም አያስጠይቁም፤ ደምበኛቸው የሚፈልገው ከወደብ የሚጀምር የአሜሪካ ታሪክ ነውና እሱኑ ይሸጡለታል።

ለመሆኑ የመንገደኞች መዝገብ ምንድን ነው? ብዙዎች እንደሚያስቡት የስደተኛው ታሪክ አይደለም። አሜሪካ በ1819 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ1820 ጀምሮ እያንዳንዱ የመርከብ አዛዥ ያመጣቸውን መንገደኞች ዝርዝር ለጉምሩክ ሹም ማስረከብ ነበረበት። ኋላ ኋላ ዝርዝሩን መነሻው ወደብ ላይ የሚያዘጋጁት የመርከብ ኩባንያው ጸሐፊዎች ሆኑ። «የኤሊስ ደሴት ሹሞች የአያቴን ስም ለወጡት» የሚለው ተረት ከንቱ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ሹሞቹ ከመርከብ የመጣላቸውን ዝርዝር ይዘው ሰውየውን ጠየቁ እንጂ ስም አልጻፉም። እንግዲህ መዝገቡ የኩባንያና የመንግሥት ሒሳብ ነው። ኩባንያው ያጓጓዘውን፣ መንግሥት ያስገባውን ይቆጥራል። የሚወጣው ግን ማንንም ስለማያስጨንቅ አሜሪካ አገሯን ለቀው የሚወጡትን የውጭ ዜጎች በሥርዓት መመዝገብ የጀመረችው የ1907ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ሰማንያ ሰባት ዓመት ሙሉ የገባውን ሲጽፍ የኖረ መንግሥት፣ የወጣውን አይቶ እንዳላየ ኖሯል ማለት ነው።

በዚህኛው የባሕር ዳርስ? የብሪታንያ መንግሥት የመንገደኞች ዝርዝር ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፤ የመግቢያው ከ1878 እስከ 1960፣ የመውጫው ከ1890 እስከ 1960 ያለው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በአብዛኛው ጠፍቷል። እንግዲህ በትልቁ ረኃብ ዘመን ሄዶ በ1860 የተመለሰ ሰው በዚህ መዝገብ የለም። ዝርዝሩም ቢሆን የሚመለከተው ከአውሮፓና ከሜዲትራኒያን ባሕር ውጭ የሚመጡትን መርከቦች ብቻ ነው። ስለዚህ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ሊቨርፑል የወረደ አየርላንዳዊ ስሙ ሊቨርፑል ላይ ይጻፋል፤ ከሊቨርፑል ደብሊን ያለችውን አጭር ባሕር ሲሻገር ግን የሚጽፈው የለም። ሁለቱ አገሮች እስከ 1922 ድረስ በአንድ መንግሥት ሥር ስለ ነበሩ፣ ጉዞው ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንደ መሄድ ይታይ ነበር። ሰውየው እንግሊዝ ውስጥ ቀረ ወይስ ማዮ ገባ? መዝገቡ እዚያ ላይ ዝም ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ይነሣል። «ወዳጄ፣ ነገሩን አታጋን፤ አየርላንዶች እኮ ከሌላው ይልቅ ሄደው የሚቀሩ ነበሩ» ይለኛል። እውነቱን አልክድም። ማርክ ዋይማን የተባለ የታሪክ ሰው በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ከ1880 እስከ 1930 አሜሪካ ከገቡት አውሮፓውያን ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ተመልሰዋል። ከጣሊያኖች ግማሽ ያህሉ ሲመለሱ፣ ከአየርላንዶች የሚመለሰው ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ግን ይህ «ከአሥር አንድ» ከየት መጣ? በዋናው ከ1907 በኋላ ከተሰበሰበው ቁጥር ነው። ያም ቁጥር አገር ለቀው የሚወጡ የውጭ ዜጎችን ይመለከታል። ዜግነት የወሰደው አየርላንዳዊ ሲመለስ በዚያ ዓምድ አይገባም። አሜሪካ የተወለደ ልጁም አሜሪካዊ ነው። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ዶኒጎል ሲመለሱ፣ አባት ዜግነት ወስዶ ከሆነ በመዝገቡ አንድም አየርላንዳዊ አልተመለሰም ማለት ነው።

በዚህ ላይ ተመላሹ ራሱ ዝም የሚልበት ምክንያት ነበረው። በ1907 በወጣው የአሜሪካ የዜግነት ሕግ መሠረት፣ ዜግነት የወሰደ ሰው ወደ ተወለደበት አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት ከኖረ ዜግነቱን እንደ ተወ ይገመታል። የብሪታንያ መንግሥት በ1908 ያወጣው የአረጋውያን ጡረታ ሕግ ደግሞ በአገር ውስጥ 20 ዓመት መኖርን ይጠይቅ ነበር። አሜሪካ መኖሩን ማውራት ጡረታውን፣ አየርላንድ መኖሩን ማውራት ዜግነቱን ያሰጋበታል። እንዲህ ያለ ሰው ታሪኩን ለጸሐፊ ሁሉ ይዘረግፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ታዲያ የተመለሰው የት ይገኛል? መንገዱ አለ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። በመጀመሪያ የማመለክተው የ1901 እና የ1911 የአየርላንድ የሕዝብ ቆጠራን ነው። ከእነዚህ በፊት የነበሩት ቆጠራዎች ዕጣቸው የሚያሳዝን ነው። የ1861 እና የ1871 ቅጾች በመንግሥት ትእዛዝ ተወገዱ፤ የ1881 እና የ1891 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ስላነሰ ተቦክተው ወረቀት ሆኑ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ በሰኔ 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን የሚገኘው ቤተ መዛግብት ሲቃጠል አብረው ነደዱ። የተረፉት ሁለቱ ግን ሙሉ ናቸው፤ ዛሬም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያያቸው ይችላል። ቅጹ የእያንዳንዱን ሰው የትውልድ ቦታ ይጠይቃል፤ አየርላንድ ከሆነ አውራጃውን፣ ሌላ ከሆነ አገሩን። እንበልና አንድ ቤተሰብ አለ። አባትና እናት ማዮ ተወለዱ፤ የመጀመሪያው ልጅ አሜሪካ፣ ሁለተኛው አሜሪካ፣ ሦስተኛው ማዮ። መርከብም ወደብም አልተጠቀሰም። የልጆቹ ዕድሜ ግን መቼ እንደ ተመለሱ በአንድ ሁለት ዓመት ልዩነት ይነግረናል። ከማንኛውም የመርከብ መዝገብ ይልቅ ይህች የገበሬ ቤት ቅጽ ታምናለች።

ሁለተኛው ምስክር ይበልጥ የሚገርም ነው። ከ1893 ጀምሮ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ «ከዚህ በፊት አሜሪካ ነበርህ? መቼ? የት?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ሰውየው «አዎ፣ ቺካጎ፣ ከዚህ እስከዚህ ዓመት» ካለ፣ መመለሱን የሚነግረን እንደገና መሄዱ ነው ማለት ነው። ብዙ ፈላጊዎች አንድ ስም ሁለት ጊዜ ሲያገኙ አንዱን «ሌላ ሰው ነው» ብለው ይጥሉታል። ሁለቱም እሱው ሊሆን እንደሚችል፣ በመካከሉ ያሉት ዓመታትም አባቱ ቤት ያሳለፋቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ አያስቡም። በዚህ ላይ ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ለፓስፖርት ያቀረቡት ማመልከቻ፣ የመሬት ግምት መዝገብ ላይ ባለይዞታ ሲለወጥ የተደረገው እርማት፣ በ2015 የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ የከፈተው የካቶሊክ ደብሮች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ሲጨመር፣ የተመለሰው ሰው ከጨለማው እየወጣ ይመጣል።

መዝገቡን አጥብቆ አለመጠየቅ የሚያመጣውን ስሕተት ለማየት አኒ ሙርን ማስታወስ ይበቃል። ይህች የኮርክ ልጅ ጥር 1 ቀን 1892 ኤሊስ ደሴት ሲከፈት በበሩ የገባች የመጀመሪያዋ ስደተኛ ናት። በሁለቱም የባሕር ዳር ሐውልት ቆሞላታል። ሆኖም ለብዙ ዓመታት «ቴክሳስ ሄዳ በ1923 በከተማ ባቡር ተገጭታ ሞተች» ሲባል ኖረ። በ2006 ነገሩ ሲመረመር የቴክሳሷ አኒ ሙር ኢሊኖይ የተወለደች ሌላ ሴት ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ ከኒው ዮርክ ሳትወጣ አግብታ፣ ወልዳ፣ በ1924 ሞታ መቃብሯ ላይ ስሟ እንኳ ሳይጻፍ ኖራለች። የመጀመሪያዋ የተባለች፣ ስሟ በየመጽሐፉ ያለ ሴት እንዲህ ከጠፋች፣ ስም ያልወጣለት የማዮ ገበሬ ተመልሶ ቢጠፋ ምን ይደንቃል? እኛ በአባት ስም የምንጠራ ሰዎች ነገሩ ላይገባን ይችላል፤ እዚያ ግን አንድ የቤተሰብ ስም ሺዎች ይጠሩበታል። ስም ስለ ገጠመ ብቻ ሰው ተገኘ አይባልም።

«ጥቂት ከሆኑ ምን ያህል ይጠቅማሉ?» ለሚለኝ መልሴ ይኸው። በ1916 የአየርላንድን ነፃነት ያወጀውን ሰነድ ከፈረሙት ሰባት ሰዎች መካከል ቶማስ ክላርክና ጄምስ ኮነሊ አሜሪካ ኖረው የተመለሱ ናቸው። ክላርክ በ1905 የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ ነበር፤ በ1907 ተመልሶ ደብሊን ውስጥ የትንባሆ ሱቅ ከፈተ፤ ያቺ ሱቅ የዓመፁ መዶለቻ ሆነች። ኮነሊ በ1903 ሄዶ በ1910 ተመለሰ። ኤመን ደ ቫሌራ በ1882 ኒው ዮርክ ተወልዶ በ1885፣ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ አጎቱ ወደ ሊመሪክ አውራጃ አምጥቶ ለአያቱ አስረከበው፤ ኋላ የመንግሥት መሪም ፕሬዚዳንትም ሆነ። የኒው ዮርክ የልደት መዝገብ ስሙን ጆርጅ ብሎ ጽፎት ነበርና በ1910 ነው የታረመው። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። አንዱ ዜግነት የወሰደ ነው፣ አንዱ አሜሪካ የተወለደ ነው፤ ኮነሊም የተወለደው ኤዲንብራ ስለ ሆነ በትውልድ ቦታ የሚቆጥር ሰው ስኮትላንዳዊ ይለዋል። በመዝገብ ብቻ የሚሄድ ሰው ሦስቱንም ከተመላሽ አየርላንዶች ተርታ አያገኛቸውም። ያለ እነሱ ግን የአገሪቱ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ይጻፍ ቢባል ከየት ይጀመራል?

ታላላቆቹን ብቻ ጠቅሼ አላልፍም። ሚኪ ማክ ጋዋን የዶኒጎል ድኻ ልጅ ነበረ። በልጅነቱ በእረኝነት ተቀጠረ፤ ስኮትላንድ ሠራ፤ ሞንታና በማዕድን ጉድጓድ ወረደ፤ ክሎንዳይክ ድረስ ሄዶ ወርቅ ቆፈረ። ከዚያ ተመልሶ በተወለደበት አካባቢ ቤትና መሬት ገዝቶ፣ አግብቶ፣ ልጆች አሳድጎ በ1948 ሞተ። ከመሞቱ በፊት በአየርላንድኛ የተረከው የሕይወት ታሪክ በ1959 ታትሟል። ይህ ሰው እንዴት እንደ ታወቀ ልብ እንበል። ከመርከብ መዝገብ የተገኘ አይደለም። ቁጭ ብሎ የሚሰማውና የሚጽፍለት ሰው ስላገኘ ነው።

የማዮዎቹን የአዲርጉል ደብር ሰዎችም አንርሳ። ከዚያ አካባቢ 14 ሰዎች በሚያዝያ 1912 ኩዊንስታውን ላይ ታይታኒክ ተሳፈሩ፤ 11 ሞቱ፣ 3 ተረፉ። ዓለም ሁሉንም የሚያውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አገራቸውን ለቀው እንደሚሄዱ ምስኪኖች ነው። ከእነሱ መካከል ግን አስቀድሞ ቺካጎ ኖሮ፣ ወደ ቀዬው ተመልሶ፣ እንደገና ለመሄድ የተሳፈረ ነበረ። የመጨረሻው ዝርዝር ያን የመካከል ዘመን አይነግረንም።

ለምን ተረሱ? መዝገብ ስለ ጎደለ ብቻ አይመስለኝም። የስደቱ ታሪክ ራሱ ተመላሽ አይፈልግም። በአየርላንድ ገጠር ሰው አሜሪካ ሊሄድ ሲል ሌሊቱን እንደ ሞተ ሰው ለቅሶ ይቀመጡለት ነበር፤ ስሙም «የአሜሪካ ለቅሶ» ነበረ። የተለቀሰለት ሰው ከዓመታት በኋላ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም ምን ይደረጋል? ለቅሶውን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ተመላሹ «ያንኪው» ተብሎ የቀልድ ሰው ሆነ፤ አፉ ብዙ፣ ሰዓቱ የወርቅ፣ ጠባዩ የተለወጠ። አሜሪካ በበኩሏ የተስፋ ምድር ነኝ ትላለችና ትቷት የሄደውን ማውሳት አትወድም። አየርላንድ ልጆቼ ተነጠቁብኝ ትላለችና የተመለሰላትን ማውሳት ታፍራለች። በሁለት ኩሩ ትረካዎች መካከል ሰውየው ጠፋ።

ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። ፕሬዚዳንት ሜሪ ሮቢንሰን በሄዱት ልጆች ስም በቤተ መንግሥቱ መስኮት መብራት አበሩ፤ በ1995ም ስለ እነሱ ለአገሪቱ ምክር ቤት ንግግር አደረጉ። መልካም ነው። በ2013 የውጭ ተወላጆችን ለጉብኝት የሚጠራ ትልቅ ዘመቻ ተካሄደ። በ2016 ደብሊን ውስጥ የስደት ሙዚየም ተከፈተ። ይህ ሁሉ የሄደውንና የሄደውን የልጅ ልጅ የሚያከብር ነው፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ተመልሶ አጥር ያጠረው፣ ጣሪያ የለወጠው፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ጥሎሿን ራሷ ከፍላ ያገባችው ሴት ግን የአገር ሰው ሆነው ስለ ሞቱ ማንም ከባሕር ማዶ መጥቶ አይፈልጋቸውም።

እኛም ከዚህ የምንማረው አለ። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ቁጥሩ በየጋዜጣው ወጥቷል። ከዚያ በኋላ «ከስደት ተመላሽ» የሚል የጅምላ ስም ሰጥተን አለፍን። ስም በስም፣ ቤት በቤት ቁጭ ብለን ታሪካቸውን የጻፍነው የስንቱን ነው? ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው ሲፈልጓቸው የአውሮፕላን ዝርዝር ብቻ ይጠብቃቸው ይሆን?

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። የአየርላንድ አያቱን የሚፈልግ ሰው የመርከቡን መዝገብ ሲያገኝ ፍለጋው ገና ተጀመረ ይበል። የ1901 እና የ1911ን ቆጠራ ሳያይ «ቀረ» ብሎ አይፍረድ። የዘር ሐረግ ነጋዴዎችም የመግቢያውን ቅጂ ሲሸጡ የመመለሻውን ጥያቄ አብረው ያንሡ። ሙዚየም የሚሠሩም ለሄደው የሚሰጡትን ግድግዳ ለተመለሰው ያካፍሉ። ከአሥር አንዱም ቢሆን ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ ባሕር ተሻግሮ በመዝገብ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ሰው። ሌላውን ግማሽ የመጻፍ ዕዳ ያለው በሕይወት ያለው ፈላጊ ነው።